የምክር ዓምድ፦ ስብ እየጨመርኩ ክብደቴ ለምን ቆመ?

ጥያቄ

የ38 ዓመት ሴት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ64፣ ክብደቴ 84 ኪሎ ነው። ሥራዬ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሬ እሄዳለሁ። ካርቦሃይድሬትን በእጅጉ ቀንሶ ስብን የሚያበዛውን የኬቶ አመጋገብ ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት 6 ኪሎ ቀነስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ስልኬ ላይ ያለው መተግበሪያ ከምበላው ካሎሪ 75 ከመቶው ከስብ መምጣት አለበት ስለሚለኝ፣ ያን ለመሙላት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ አንዳንድ ስኒ ቡና በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤና በአንድ የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት እጠጣለሁ። ኬቶን መኖሩን የሚያሳየው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ቀለሙ እየደበዘዘ ሲመጣ ደግሞ ስብ አንሶኛል ብዬ እራቴ ላይ ጨመርኩ። አሁን አሁን ከእራት በኋላ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቴ ሥር ይከብደኛል፤ ያቅለሸልሸኛልም። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነው የጀመረው። ዕድሜው 29፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ78፣ ክብደቱ 62 ኪሎ ነው፤ ድሮም ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፣ የሚበላውም እኔ የምበላውን ነው። እሱ ግን እየከሳ ሄዷል፤ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ በቅርቡ ባደረገው የደም ምርመራም «መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮሉ ከ118 ወደ 196 ወጥቷል። አንዱ «ስብ ካልበላሽ ስብ አይቃጠልም» ይለኛል፤ ሌላው «ቅባቱን እርግፍ አድርገሽ ተዪው» ይለኛል። እንጨምር ወይስ እንቀንስ?

ግራ የገባኝ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ስለ ስቡ መጠን ከማውራታችን በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ከእራት በኋላ የሚሰማዎት ክብደትና ማቅለሽለሽ በአመጋገብ ሒሳብ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። የሐሞት ከረጢት የሚገኘው እርስዎ በጠቆሙት ቦታ ላይ ነው፤ ሥራውም ጉበት ያመነጨውን ሐሞት አጠራቅሞ መያዝና ቅባት ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ተኮማትሮ መልቀቅ ነው። በውስጡ ጠጠር ያለበት ሰው ቅባት የበዛበት ምግብ በበላ ቁጥር ከረጢቱ ጠጠሩን ይዞ ስለሚኮማተር ሕመሙ ይቀሰቀሳል። ክብደት በፍጥነት በሚቀንስበት ወቅት ደግሞ ወደ ሐሞት የሚገባው ኮሌስትሮል ስለሚጨምር ጠጠር የመፈጠሩ ዕድል ከፍ ይላል። የእርስዎ ነገር ይኸው ነው ብዬ በደብዳቤ ልወስን አልችልም፤ ነገር ግን በአልትራሳውንድ መታየት ቀላልና ሕመም የሌለው ምርመራ ስለሆነ ሳያድር ሳይውል ሐኪም ዘንድ ሄደው ይታዩ። ሕመሙ ለሰዓታት የማይለቅ ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ወደ ጀርባ እየዘለቀ የሚያስመልስዎ ከሆነ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እስከዚያው እራትዎ ላይ የጨመሩትን ስብ ያውጡት፤ የቀረውንም በአንድ ማዕድ ከመከመር ይልቅ በሦስቱም ገበታዎች ላይ ያከፋፍሉት።

አሁን ወደ ጥያቄዎ እንመለስ። «ስብ ካልበላሽ ስብ አይቃጠልም» የሚለው አባባል ሰውን የሚያሳስት ግማሽ እውነት ነው። ሰውነትን ወደ ኬቶሲስ፣ ማለትም ጉበት ከስብ የሚሠራውን ኬቶን የተባለ ነዳጅ ወደሚጠቀምበት ሁኔታ፣ የሚያስገባው የካርቦሃይድሬት ማነስ እንጂ የስብ መብዛት አይደለም። ካርቦሃይድሬት በቀን ከ20 እስከ 50 ግራም በሚሆን ልክ ሲወሰን፣ በጉበት የተቀመጠው ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ክምችት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመናመናል፣ ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፣ ኢንሱሊን ዝቅ ሲል ደግሞ ከቆዳ ሥርና ከሆድ ዕቃ መካከል የተከማቸው ስብ ፋቲ አሲድ እየሆነ ወደ ደም ይለቀቃል፤ ጉበትም ከፊሉን ወደ ኬቶን ይለውጠዋል። ጉበት የደረሰው ፋቲ አሲድ ከጠዋቱ ቅቤ የመጣ ይሁን ከወገብዎ ለይቶ አያውቅም። ለዚህ ከሁሉ የሚቀርበው ማስረጃ ጾም ነው፤ ምንም ያልበላ ሰው አንዲት ጠብታ ቅባት ሳይቀምስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ኬቶሲስ ውስጥ ይገባል፤ የሚያቃጥለውም የራሱን ስብ ነው። አባባሉ ውስጥ ያለው እውነት የሚከተለው ነው፦ ካርቦሃይድሬት የቀነሰ ሰው ስብንም አብሮ ከቀነሰ የሚበላው ምንም አይቀረውም፣ ይርበዋል፣ ይዝላል፣ ብዙም ሳይቆይ ሁሉንም እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ሁለተኛው መካሪዎ የዘነጉት ይህንን ነው።

ታዲያ ያቺ «75 ከመቶ» ከየት መጣች? ይህን አመጋገብ ኬቶጄኒክ ብሎ የሰየመው በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ራስል ዋይልደር ነው። ዓላማው ሰውን ማክሳት አልነበረም፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕሙማን ሲጾሙ መንቀጥቀጡ እንደሚቀንስላቸው ስለታወቀ፣ ሳይራቡ የጾምን ውጤት የሚያገኙበትን መንገድ ነበር የፈለገው። በዚያ ሕክምና ውስጥ ለአንድ ግራም የፕሮቲንና የካርቦሃይድሬት ድምር አራት ግራም ስብ ይሰጣል፤ ይህም ከምግቡ ካሎሪ 90 ከመቶው ከስብ ይመጣል ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሚታከም ሕፃን እንዳይከሳና ማደጉን እንዳያቆም ምግቡ በግራም እየተመዘነ ይቀርብለታል፤ በእርሱ ዘንድ ምጣኔው ራሱ እንደ መድኃኒት መጠን የሚታይ ነው። ክብደት ለመቀነስ ለሚፈልግ ሰው ግን ያ ምጣኔ መድኃኒት አይደለም። በመቶኛ የተሰላ ቁጥር ምን ያህል እንደበሉ አይነግርዎትም፤ የ1,500 ካሎሪ 75 ከመቶ 125 ግራም ስብ ሲሆን የ2,500 ካሎሪ 75 ከመቶ ደግሞ 208 ግራም ነው፤ መተግበሪያው ለሁለቱም ያው አረንጓዴ ምልክት ያበራል።

እኔ የምመክረው መቶኛውን ወደ ጎን ትቶ በግራም ማሰብን ነው። ካርቦሃይድሬት ጣሪያ አለው፣ ከዚያ አይታለፍም። ፕሮቲን ግዴታ ነው፣ በየቀኑ መሟላት አለበት፣ ካልተሟላ ክብደትዎ ሲቀንስ ከስቡ ጋር ጡንቻዎም ይሄዳል። ስብ ግን ማሟያ ነው፤ የቀረውን ክፍተት ይሞላል፣ የክፍተቱን ስፋት የሚወስነው ደግሞ የእርስዎ ፍላጎት ነው።

በእርስዎ ቁጥሮች እንየው። በዕድሜዎ፣ በቁመትዎ፣ በክብደትዎና በእንቅስቃሴዎ መጠን ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም ለመኖር በቀን ወደ 2,000 ካሎሪ ገደማ ያስፈልግዎታል። ይህ ግምት ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ የቆመው ሚዛንዎ ግን ከየትኛውም ቀመር በላይ ይመሰክራል፤ የሚበሉት ከሚያወጡት ጋር እኩል ሆኗል ማለት ነው። ካርቦሃይድሬት 25 ግራም ቢሆን 100 ካሎሪ ነው። ፕሮቲን 90 ግራም ቢሆን (ይህ ለቁመትዎ ተስማሚ ከሆነው ክብደት አንጻር ለእያንዳንዱ ኪሎ ወደ 1.4 ግራም ይደርሳል) 360 ካሎሪ ነው። ከ2,000 ላይ የሚቀረው 1,540 ካሎሪ ነው፤ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስለሚሰጥ ይህ 171 ግራም ስብ ማለት ነው። ለመቀነስ አስበው በቀን 1,500 ካሎሪ ቢበሉ ካርቦሃይድሬቱና ፕሮቲኑ ባሉበት ይቆያሉ፣ ስቡ ግን ወደ 115 ግራም ይወርዳል። በመቶኛ ሲሰላ 69 ይሆናልና መተግበሪያዎ ቀይ ያበራ ይሆናል፤ ያብራ። የጎደለው 55 ግራም ያህል ስብ ከሳህንዎ ሳይሆን ከራስዎ ጎተራ ይወጣል። ይህን አመጋገብ ሲጀምሩ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

55 ግራም የት እንዳለ ደግሞ ደብዳቤዎ ራሱ ይናገራል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 23 ግራም ያህል ስብ አለው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት ደግሞ ወደ 14 ግራም የሚጠጋ ነው። አንዱ ስኒ ቡና 37 ግራም ስብና 320 ካሎሪ ይዟል፣ ሁለቱ ስኒዎች 640። ይህ ሁሉ ካሎሪ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን የለውም፣ አሰር የለውም፣ የሚታኘክም አይደለም፤ ስለዚህ እንደ ምግብ ሳያጠግብ እንደ ምግብ ይቆጠራል። የከሰዓት በኋላውን ስኒ ሙሉ በሙሉ ትተው የጠዋቱን ቅቤና ዘይት በግማሽ ቢቀንሱት 55 ግራሙ እዚያው ተገኘ፤ ከገበታዎ ላይ ምንም ሳይነሳ። አንድ ነገር ልጨምር፦ እቤት ትንሽ ሚዛን ካለዎት የሚጠቀሙበትን ማንኪያ አንድ ጊዜ ከነቅቤው መዝኑት። ከማቀዝቀዣ የወጣ ቅቤ በማንኪያ ሲቆነጠር ቁልል ብሎ ስለሚወጣ፣ በመዝገብ 14 ግራም የተባለው ማንኪያ ሲመዘን 20 ግራምና ከዚያም በላይ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ተሳስቼ አውቃለሁ።

ስለ ሽንት ወረቀቱ የጻፉትን ሳነብ ሌላው የስህተት ምንጭ ተገለጠልኝ። ያ ወረቀት የሚለካው በሽንት የሚወጣውን አሴቶአሴቴት የተባለውን ኬቶን ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት ያመረተውን ኬቶን ገና በደንብ መጠቀም ስላልለመደ ብዙውን በሽንት ያስወግዳል፣ ወረቀቱም ወይን ጠጅ ይሆናል። እየቆየ ሲለምድ የሚባክነው ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይደበዝዛል፤ ብዙ ውኃ የጠጡበት ቀን ደግሞ ይብስ ይገረጣል። ስለዚህ የቀለሙ መደብዘዝ የስብ ማነስ ምልክት አልነበረም። ኬቶሲስ ውስጥ መሆንዎን በትክክል ማወቅ ከፈለጉ በደም የሚለካው ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት ይሻላል፤ በሊትር ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል ያለው መጠን በአመጋገብ የሚገኝ ኬቶሲስ ይባላል። ከ0.5 በላይ ከሆነ በቂ ነው፤ ቁጥሩ ስለጨመረ ሰው ይበልጥ አይከሳም። ሁለት ማንኪያ ዘይት ጠጥቶ ቁጥሩን ማሳደግ ይቻላል፤ ያ ኬቶን ግን ከዘይቱ እንጂ ከወገብ የመጣ አይደለም።

የመጀመሪያው 6 ኪሎ ሁሉ ስብ እንዳልነበረም ልብ ይበሉ። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ወደ ሦስት ግራም የሚጠጋ ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ ግላይኮጅኑ ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ያንን ፍጥነት እንደ መለኪያ ወስደው ራስዎን አይውቀሱ። ስቡን ከላይ ባልኩት ልክ ቢቀንሱ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ መውረድ የሚጠበቅ ነው፤ ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ የሚያስፈልገውም ኃይል ስለሚያንስ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

አቀናነሱን ግን በአንድ ጀምበር አያድርጉት፤ በመጀመሪያ የከሰዓት በኋላውን ስኒ ይተዉ፣ ሌላ ምንም ሳይቀይሩ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ሚዛን ላይ በየቀኑ ቢወጡም የሳምንቱን አማካይ ብቻ ይያዙ፤ ከወር አበባ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ የአንድ ቀን ቁጥር ያታልላል። ወገብዎን በሜትር መለካት ብዙ ጊዜ ከሚዛኑ ቀድሞ እውነቱን ይናገራል። ከዚያ በኋላ የጠዋቱን ያጋምሱ። በምግብ መካከል የሚርብዎ ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጡ፣ ፀጉርዎ መርገፍ ከጀመረ ወይም የወር አበባዎ ከተዛባ ቅነሳው በዝቷል ማለት ነውና ከ10 እስከ 15 ግራም መልሰው ይጨምሩ። ነገር ግን ረሃብ ሲመጣ ወደ ቅቤው ከመሮጥዎ በፊት ፕሮቲኑ 90 ግራም መድረሱን ያረጋግጡ፤ አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን ብቻ እንዳለው ያስታውሱ፣ ሁለት እንቁላል ቁርስ ብቻውን ሩቅ አያደርስም።

ቅነሳው ታችኛ ወሰን አለው። በሰሜን ዋልታ አካባቢ ለዓመታት የኖረው አሳሽ ቪልያልሙር ስቴፋንሰን በ1928 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል በሐኪሞች ክትትል ሥር ሥጋ ብቻ እየበላ ለመኖር ሲጀምር፣ በመጀመሪያ ስብ የሌለበት ቀይ ሥጋ ብቻ ተሰጠው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ማቅለሽለሽና ተቅማጥ አደከመው፤ የተሻለው ሥጋው ላይ ስብ ሲጨመርለት ነው። ካርቦሃይድሬት በሌለበት ስብንም የነፈገ ሰው ፕሮቲንን ዋና ነዳጅ ለማድረግ ይገደዳል፣ ሰውነትም ለዚያ አልተሠራም። በሌላ በኩል ቅባት እጅግ ሲያንስ የሐሞት ከረጢት ሳይኮማተር ይውላል፣ ሐሞቱም እየረጋ ለጠጠር ይመቻል። ስለዚህ የአልትራሳውንዱ ውጤት ጤነኛ ነዎት ካለ፣ ስብን ከመፍራት የተነሳ ወደ ሌላው ጽንፍ አይሂዱ።

ስለ ዓይነቱም ትንሽ ልበል። የቅቤና የኮኮናት ዘይት ስብ አብዛኛው ሲቀዘቅዝ የሚረጋው፣ ባለሙያዎች ሳቹሬትድ የሚሉት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ስብ በቀን ከሚወሰደው ካሎሪ ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በኬቶ ላይ ያለ ሰው ይህን ወሰን ሳያውቀው ያልፈዋል። ስለዚህ የሚቀንሱት ከእነዚህ ይሁን፤ የሚቀረው 115 ግራም ደግሞ በብዛት ከወይራ ዘይት፣ ከአቮካዶ፣ ከለውዝ ዓይነቶችና ቅባት ካለው ዓሣ ይምጣ። የኮኮናት ዘይት ቶሎ ወደ ኬቶን ይለወጣል ተብሎ የሚነገርለት ኤምሲቲ ከሚባለው፣ መካከለኛ ሰንሰለት ካለው ስብ ከተሠራው ዘይት ጋር ተምታቶ ነው። ከኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ሎሪክ አሲድ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው እንደ ማንኛውም ረጅም ሰንሰለት ያለው ስብ ነው የሚዋሃደው።

ወንድምዎን በተመለከተ መልሴ ተቃራኒ ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው። እርሱ እየሮጠ ክብደቱን ይዞ ለመቆየት በቀን ወደ 2,500 ካሎሪ ያስፈልገዋል፤ የሚበላው ግን ለእርስዎ የሚበቃውን 2,000 ነው። ለእርስዎ የተረፈው 55 ግራም ስብ በትክክል እርሱ የጎደለው ነው፤ ሁለታችሁ ከአንድ ሳህን ስትበሉ እርስዎ ቆሙ፣ እርሱ ከሳ። ብርድ ብርድ ማለቱም ነዳጅ ያነሰው ሰውነት ሙቀቱን ሲቆጥብ የሚታይ ነው። እንዲህ ስል ግን ቅቤውን ይጨምር ማለቴ አይደለም። መጥፎ ኮሌስትሮል በዴሲሊትር 190 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪሞች ሌላ ምክንያት ሳይጠብቁ ራሱን ችሎ እንደ ከፍተኛ አደጋ ያዩታል፤ ቀጭንና ስፖርተኛ የሆኑ ሰዎች ካርቦሃይድሬት ሲቀንሱ ቁጥሩ እንዲህ ሲያሻቅብባቸው ደግሞ በተደጋጋሚ ታይቷል። በቤተሰባችሁ ውስጥ በወጣትነቱ የልብ ሕመም ያገኘው ሰው ካለ ለሐኪሙ ይንገር፣ የታይሮይድ ምርመራም ይጨመርለት። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ግን ካርቦሃይድሬቱን ወደ 100 ግራም ገደማ ከፍ ማድረግና የቅቤውን ቦታ በወይራ ዘይትና በለውዝ መተካት ይመስለኛል፤ በቀጫጭን ሰዎች ላይ ካርቦሃይድሬት በመጠኑ ሲጨመር ኮሌስትሮሉ ወደ ታች የመመለስ ዝንባሌ አለው። ይህን ሲያደርግ ከኬቶሲስ ሊወጣ ይችላል። እውነቱን ለመናገር፣ የሚቀነስ ክብደት ለሌለውና የሚታከምበት በሽታ ለሌለው ሰው ኬቶሲስ ውስጥ የመቆየት ምክንያቱ አልታየኝም። ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ደሙን በድጋሚ ያስመርምር።

በደብዳቤዎ ስለ መድኃኒት አልጠቀሱም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከዚህ ሁሉ አንዱንም ያለ ሐኪም አትቀይሩ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ ስኳርን በሽንት የሚያስወግዱት እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ ከኬቶ ጋር ሲገናኙ፣ የደም ስኳር ከፍ ሳይል እንኳ ኬቶአሲዶሲስ የተባለውን፣ ኬቶን ከልክ በላይ በዝቶ ደምን አሲዳማ የሚያደርግበትን አደገኛ ሁኔታ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴትም፣ የቆሽት መቆጣት የነበረበት ሰውም በዚህ አመጋገብ ላይ በራሱ ውሳኔ መቆየት የለበትም።

የሐኪሙን ቀጠሮ ይያዙ፣ ለምርመራውም በባዶ ሆድ እንዲመጡ ይነገርዎታልና የዚያን ቀን የጠዋቱን ቡና አይጠጡት። ጠጠር ከተገኘ የስቡን ልክ እንደገና ከሐኪምዎ ጋር ማውጣት ስለሚኖርብዎ ከላይ የሠራነው 115 ግራም አይጸናም፤ ውጤቱን ይዘው ይጻፉልን።